ስተርሊንግ ሻርፕ፦ ሰባት ዓመትና አንድ የመደመር ምልክት

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። «ከምሳ በፊት ስለሆነ አደራ፣ ቀመር እንዳታበዛብን» የሚል ማሳሰቢያም አብሮ መጥቷል። ዕድሜውን ሙሉ ስታትስቲክስ ያስተማረ ሰው ያለ ቀመር ምን ሊያወራ ነው ትሉ ይሆናል። ስለ ኳስ ነው የማወራው። ያውም ብዙዎቻችን ስለማናውቀው ኳስ፣ አሜሪካኖች ፉትቦል ብለው በእጃቸው ስለሚጫወቱት። አንድ የአንቀጽ ማሻሻያ ሐሳብም ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ።

ሰውዬው ስተርሊንግ ሻርፕ ይባላል። ባለፈው ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2025 መሆኑ ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ ያለው የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ተቀበለው። የመጨረሻ ጨዋታውን የተጫወተው በ1994 በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለ ማብራሪያ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ የራሳችንን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

ጨዋታውን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰው ነው። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ዕድል አለው። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል፤ ዝናውም ገንዘቡም በብዛት የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ዳር ላይ፣ ከሰው ርቆ የሚቆመው ደግሞ ዋይድ ሪሲቨር፣ ተቀባዩ ነው። የሱ ሥራ በቃሉ ያጠናውን መንገድ መሮጥ ነው፤ ይህን ያህል እርምጃ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ውስጥ፣ ወይም ወደ መስመሩ። ሰዓቱ የተጠበቀ ሲሆን ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ የሚወጣው ተቀባዩ ገና ሳይዞር ነው። ዞር ሲል ኳሱ አየር ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጥሩ ተቀባይ ሲጫወት ያየ ሰው ይህን ጊዜ አይረሳውም።

አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ተቀባዩ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፣ ሁለት እጁ ተዘርግቷል፣ አንገቱ ዞሯል። ከጎኑ ወይም ከፊቱ እየገሠገሠ የሚመጣበትን ባለ መቶ ኪሎ ተከላካይ አያየውም። ዛሬ ሕጉ ጠበቅ ብሎ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ራሱ ላይ መምታት ያስቀጣል። በሻርፕ ጊዜ ብዙው ምት እንደ ጥሩ ሥራ ይጨበጨብለት ነበር።

ሻርፕ በ1965 ቺካጎ ተወለደ፤ ያደገው ግን ጆርጂያ ውስጥ ግሌንቪል በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ፣ አያቶቹ ዘንድ ነው። አብሮት ያደገ ሻነን የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ እሱን ኋላ ታገኙታላችሁ። ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም የሱን 2 ቁጥር መለያ ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው አንሥቶ አስቀመጠለት። በ1988 ግሪን ቤይ ፓከርስ በሰባተኛ ተራ መረጠው።

ስለ ግሪን ቤይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ዊስኮንሲን ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩበት አገር ነው። መቶ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ቡድኑ ቱጃር ጌታ የለውም፤ ባለቤቶቹ አክሲዮን የገዙ ተራ ሰዎች ናቸው። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፍልም፣ በገበያ አይሸጥም። ለጎረቤቴ «ታዲያ ለምን ገዛኸው?» ብዬው ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳ ላይ እንደ ሰቀለው አሳየኝ። እኔ የገባኝ እንደ እድር አድርጌ ሳስበው ነው። ይህ እድር ግን ሻርፕ ሲመጣ የሚኖረው በትዝታ ነበር። ከጃንዋሪ 1968 ወዲህ ዋንጫ አላየም።

አሁን ቁጥሮቹን ልስጣችሁ፤ ቁጥር እንጂ ቀመር አይደለም።

በመጀመሪያው ዓመት 55 ኳስ ያዘ። በሁለተኛው 90፣ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ። ቀጥሎ 67፣ ቀጥሎ 69። በ1992 ብሬት ፋቭር የሚባል ወጣት ኳርተርባክ መጣ፤ በዚያ ዓመት ሻርፕ 108 ያዘ። እስከዚያ ቀን የነበረው የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን የአርት መንክ 106 ነበር። በዚያው ዓመት በያዘው ኳስም፣ በሮጠው ያርድም፣ ባስቆጠረው ተችዳውንም በሦስቱም አንደኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ክብረ ወሰን ሰብሮ 112 አደረሰው። ከመቶ በላይ ሁለት ዓመት አከታትሎ የያዘ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም። በ1994 ደግሞ 94 ያዘና 18 ተችዳውን አስቆጠረ። ድምሩ 595 ኳስ፣ 8,134 ያርድ፣ 65 ተችዳውን። ሰባቱንም ዓመት አንድ መደበኛ ጨዋታ አላመለጠውም፤ አሥራ ስድስት በሰባት፣ 112።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር እዩልኝ። አንገቱ አደጋ ላይ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ አንድም ጨዋታ ያልቀረ ሰው ነው። ቀጭን፣ ከመስመሩ ጋር የሚንሳፈፍ ዓይነት ሯጭ አልነበረም። ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ኳሱን ሰው በበዛበት መሐል ሜዳ ላይ ይዞ፣ የሚመታውን ሰው ተሸክሞ የሚሄድ ነበር።

አንዱን ጨዋታ ብቻ ልንገራችሁ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1994፣ ዲትሮይት አጠገብ፣ በጥሎ ማለፍ። ፓከርስ እየተመሩ ነው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ፋቭር ወደ ግራ እየሸሸ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ ወደ ቀኝ ጥግ ወረወረው። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን ፋቭርን ስለነበር ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አላየንም። ካሜራው ዞሮ ሲደርስ ሻርፕ ብቻውን ቆሞ አለ። አርባ ያርድ፣ ሃምሳ አምስት ሰኮንድ ሲቀር። 28 ለ 24። በዚያ ቀን ሦስተኛው ተችዳውኑ ነበር።

እንዲህ ሆኖም ሰዉ ሻርፕን እንደ ፋቭር አልወደደውም። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ከጋዜጠኛ ጋር አይነጋገርም ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው የሴፕቴምበር 1994 ነገር ነው። የውድድሩ ዘመን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ውሌ ካልተስተካከለ አልጫወትም ብሎ ቡድኑን ጥሎ ወጣ። ተስማምተው በማግሥቱ ተጫወተ፤ ከተማው ግን ይቅር አላለውም። ያ አክሲዮኑን የሰቀለው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ የፖስታ ሠራተኛ ነው፣ እንደሱ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ሚሊዮን የሚከፈለው ሰው ምን ጎደለው?» ይላል። በሬዲዮ የሚደውሉትም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ከጎረቤቴ ጋር አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። የዚህ ስፖርት ውል እንደሚመስለው አይደለም። ወረቀቱ አምስት ዓመት ይላል፣ በዚህን ያህል ሚሊዮን ይላል። ነገር ግን ቡድኑ ተጫዋቹን በመሐል ሲያሰናብተው፣ በተለይ በዚያ ዘመን፣ ያልተከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው አብሮ ይቀራል። ቡድኑ ውሉን ሲያቋርጥ «የንግድ ውሳኔ» ይባላል፤ ተጫዋቹ አንድ ቀን ሲያቋርጠው ስግብግብነት ነው። በዚያ ላይ የተጫዋቾቹ ማኅበር እንደሚለው የአንድ ተጫዋች ዕድሜ በአማካይ ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጊዜ አለኝ ብሎ ሊደራደር አይችልም። ሻርፕ ሴፕቴምበር ላይ ያን ቀን ሲወጣ አራት ወር ያህል እንኳ እንዳልቀረው እሱም ጎረቤቴም አያውቁም።

በዲሴምበር 18 ቀን ሚልዋኪ ካውንቲ ስታዲየም ነበርኩ። ትኬቱን የሰጠኝ ያው ጎረቤቴ ነው፤ ጉልበቱን አሞት። ፓከርስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂቱን የሜዳቸውን ጨዋታ ሚልዋኪ ያደርጉ ነበርና ያ የመጨረሻው ነበር፤ ሰዉ ለመሰናበት ነው የመጣው። ስታዲየሙ የተሠራው ለቤዝቦል ስለሆነ ሁለቱም ቡድኖች ባንድ በኩል ነው የሚቀመጡት። ተጋጣሚው አትላንታ ነው። መጨረሻ ላይ፣ 14 ሰኮንድ ሲቀር፣ ፋቭር የሚወረውርለት አጥቶ ራሱ ሮጦ ተወርውሮ አገባ፤ 21 ለ 17። ከዚያ ቀን የማስታውሰው እሱን ነው። ሻርፕን ልብ ብዬ አላየሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ታምፓ ሄደው ተጫወቱ። የውድድሩ ዘመን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው አንገቱን የጎዱት፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

ሐኪሞቹ ያገኙት እንዲህ ነው። የአንገታችን የመጀመሪያው አከርካሪ አጥንት የራስ ቅላችንን ይሸከማል። ሁለተኛው ወደ ላይ የቆመ እንደ ካስማ ያለ ነገር አለው፤ የመጀመሪያው በሱ ዙሪያ ይዞራል። እምቢ ስንል ራሳችንን ግራና ቀኝ የምናዞረው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ነው። በመሐላቸው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል፤ እጅና እግር የሚያንቀሳቅሰው፣ እንድንተነፍስም የሚያደርገው ትእዛዝ ሁሉ በዚያ ይወርዳል። የሻርፕ ሁለቱ አጥንቶች ከሚገባው በላይ ላልተው ተገኙ። በመንገድ ለሚሄድ፣ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው በሕክምና የሚያዝ ነገር ነው። ዓይኑን ኳስ ላይ አድርጎ ለሚመታ ሰው ግን አንድ ምት ይበቃል። ይህ የፍርሃት ወሬ አይደለም። በ1978 በኦገስት ወር፣ ለውጤት በማይቆጠር ጨዋታ ላይ፣ የኒው ኢንግላንዱ ተቀባይ ዳሪል ስቲንግሊ ኳስ ሊይዝ እንደተዘረጋ ተመትቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ በ2007 እስኪሞት በተሽከርካሪ ወንበር ኖሯል።

ሻርፕ በ1995 መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ቡድኑም አሰናበተው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን በሱ ቦታ የቆመው ሮበርት ብሩክስ 102 ኳስ ያዘ። በጃንዋሪ 1997 ፓከርስ ኒው ኢንግላንድን 35 ለ 21 አሸንፈው ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን ዋንጫ አነሡ። ሻርፕ በዚያ ጊዜ ኮትና ክራቫት አድርጎ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ይተነትናል። ጋዜጠኛ የማያናግረው ሰው ራሱ የቴሌቪዥን ሰው ሆነ፤ ጥሩም ተናጋሪ ሆኖ ተገኘ።

ታናሽ ወንድሙ ሻነን ደግሞ ዴንቨር ይጫወት ነበር። በጃንዋሪ 1998 ዴንቨር ዋንጫውን በላ። ያሸነፈው ማንን መሰላችሁ? ፓከርስን። 31 ለ 24። ሻነን ያን የመጀመሪያ የሻምፒዮና ቀለበቱን ለወንድሙ ሰጠው። በ2011 ሻነን የዝና አዳራሽ ሲገባ ያስተዋወቀው ስተርሊንግ ነበር። ሻነንም መድረኩ ላይ ቆሞ፣ እዚህ አዳራሽ ካለነው ሁሉ በቤተሰቡ ውስጥ ሁለተኛ የሆነው ተጫዋች እኔ ብቻ ነኝ የሚል ሐሳብ ተናገረ። ሰዉ ሣቀ። እሱ ግን የቀለደ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ለምን ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ? ደንቡ ተጫዋቹ ካቆመ አምስት ዓመት ይጠበቃል ይላል፤ ከዚያ ሃያ ዓመት በመደበኛው በር ሊመረጥ ይችላል፤ ካልሆነ ወደ አንጋፋዎቹ መዝገብ ይዛወራል፤ እዚያ ወረፋው ረጅም ነው። ሻርፕ ሃያው ዓመት እንዲሁ አለፈበት። መራጮቹ አብዛኞቹ የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸውና ያ ዝምታው ሳይጎዳው አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። በግልጽ ይባል የነበረው ግን ሌላ ነው፤ «ሰባት ዓመት አጭር ነው»። በመጨረሻ በ2025 አራት ሰዎች ብቻ በገቡበት ዓመት በአንጋፋዎቹ በኩል ገባ። በተጫዋችነት ሁለት ወንድማማቾች ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ኮሚቴው አይቆጣኝ።

ሰባት ዓመት አጭር ነው የሚለው ክርክር የሚቆጥረው ድምሩን ነው። ጄሪ ራይስ ሃያ ዓመት ተጫውቶ 1,549 ኳስ ይዟል፤ 595 ከዚያ አጠገብ ሲቆም ያንሳል። ግን ንጽጽሩ ሰባቱን ከሃያው ጋር ነው። የሁለቱንም የመጀመሪያ ሰባት ዓመት ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ ራይስ 526፣ ሻርፕ 595። እውነቱን ለመናገር በያርድ ራይስ ይበልጣል፣ በተችዳውን ደግሞ በብዙ ይበልጣል። ሻርፕ ከራይስ ይሻላል አላልኩም። ከምንጊዜውም ታላቁ ተቀባይ ጋር፣ በእኩል ዘመን፣ ባንድ ሚዛን የሚቀመጥ ሰው ነበር ነው የምለው።

ስታትስቲክስ ውስጥ «ሴንሰርድ» የምንለው መረጃ አለ። ምሳሌው ሁልጊዜ ከሆስፒታል ነው። መቶ በሽተኛ አሥር ዓመት እንከታተላለን እንበል። አንዱ በአራተኛው ዓመት አገር ለቆ ሄደ፤ ወሬው ጠፋ። ይህን ሰው ምን እናድርገው? ጀማሪ ተማሪ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ከመዝገቡ ያወጣዋል፣ «መረጃው አልተሟላም» ብሎ። ወይ በአራተኛው ዓመት እንደ ሞተ አድርጎ ይጽፈዋል። ሁለቱም ስሌቱን ያበላሹታል። ካወጣኸው ያን አራት ዓመት መኖሩን ካድክ፤ እንደ ሞተ ከቆጠርከው ያላየኸውን መሰከርክ። ትክክለኛው አጻጻፍ 4+ ነው፤ አራት፣ ከጎኑ የመደመር ምልክት። (መደመር ስል ሌላ ነገር እንዳታስቡብኝ፤ የሂሳቡን ነው።) ምልክቱ «ቢያንስ አራት፤ ከዚያ ወዲያ ማየት አልቻልንም» ማለት ነው። ይህን የሚቀበል ስሌት ካፕላንና ማየር የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1958 አሳትመዋል፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ የመድኃኒት ሙከራ ይጠቀምበታል።

የሻርፕን መዝገብ ሳይ ሁልጊዜ 7+ ብዬ ነው የማነበው። ቃሉን ጠበብት በሚፈቅዱት ልክ አልተጠቀምኩበትም፤ እዚህ ያላችሁ የክፍሉ መምህራን በሻይ ሰዓት ልታርሙኝ ትችላላችሁ። ነገሩ ግን አንድ ነው። በ94 ኳስና በ18 ተችዳውን ላይ እያለ የቆመ ሥራ፣ ደክሞ፣ ወርዶ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካለቀ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት «ሰባት» አይደለም።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ቢጫወት ኖሮ እያልክ ልትደምርለት ነው ወይ?» ይለኛል። አልደምርም። ያልያዘውን ኳስ አልቆጥርለትም። የመደመር ምልክቱ ቁጥር አይደለም፤ በዚያ በኩል ገምቱ አይልም። የሚለው ያየነውን አትጣሉት ነው። አዳራሹም ይህን ከድሮ ያውቀዋል። ጌል ሴየርስ የተባለ ሯጭ በጉልበቱ ምክንያት 68 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ1977፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ ገብቷል። ለሱ የተከፈተ በር ለሻርፕ ለምን ይህን ያህል እንደ ቆየ መልስ የሚሆን ደንብ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ለምን እንደሆነ በዕድሜ እኩዮቼ የሆናችሁት ቀድማችሁ የጠረጠራችሁ ይመስለኛል።

የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ ስለ አባልነት በሚናገረው አንቀጽ «የቀድሞ ተማሪ ማለት በዲፕሎማ ወይም በዲግሪ የተመረቀ ነው» ይላል። የጻፉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ማኅበር ድንበር ያስፈልገዋል። በዚህ መጽሔት ጀርባ በየዓመቱ የሚታተመው የስም ዝርዝርም ይህንኑ አንቀጽ ተከትሎ የሚዘጋጅ ነው።

እኛ በ1966 ዓ.ም. ነው የገባነው። አብዮቱ ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ትምህርት ቆመ፤ ተማሪና መምህር ስድሳ ሺህ ያህል ሰው ወደየገጠሩ ተበተነ። ከዚያ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁም ከዝምታችሁ አውቀውታል። አንድ ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። ተመልሰን የጨረስነው ሁለት ነን። አንዱ በሱዳን በኩል ወጥቶ ቶሮንቶ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሦስቱ የሉም። ከሦስቱ አንዱ ሂሳብ ያስተማረኝ ልጅ ነው። እኔ መምህር ልሆንበት የቻልኩትን ነገር፣ ሊሚት ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ የገባኝ እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ በሲጋራ ፓኮ ላይ ስሎ ሲያስረዳኝ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከሁላችንም በላይ አምጥቶ ነው ያለፈው። በዝርዝራችን ውስጥ የለም። ቶሮንቶ ያለውም የለም። ባለፈው ዓመት ስደውልለት «እኔ እኮ አልተመረቅኩም፣ ምን ብዬ እመጣለሁ?» አለኝ።

አንገቱን የተጎዳ ሀብታም ስፖርተኛን ከነዚህ ልጆች ጋር አላወዳድርም፤ እንዲህ የሚያስብ ካለ ይቅር ይበለኝ፣ ሐሳቤን አልገለጽኩለትም። የሻርፕ ቤተሰብ ቀለበት ሊሰጠው ችሏል፣ እሱም በሕይወት ቆሞ አይቷል። የማነሣው ስለ አጻጻፉ ብቻ ነው። ዝርዝራችን ጀማሪ ተማሪ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፤ ያልተሟላውን ያወጣዋል። ሁለት ዓመት እዚህ ግቢ የተማረ ሰው፣ ሁለት ዓመቱ እውነት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ፈተና ላይ ስሙን ጽፏል፣ አንዳንዱም ከመምህሩ በተሻለ አስተምሯል።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። አንቀጹ «የተመረቀ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ተመዝግቦ ትምህርቱን በመከታተል ላይ ሳለ ከፈቃዱ ውጭ የተቋረጠበት» የሚል ይጨመርበት። በስም ዝርዝሩ ደግሞ የመግቢያው ዓመት ተጽፎ፣ የመመረቂያው ዓመት በሚገባበት ቦታ ላይ ምልክቷ ትቀመጥ፤ 1966+። ማብራሪያ አያስፈልጋትም፤ ከላይ አንድ መስመር ይበቃል። እንዴት እንደ ተቋረጠ ማኅበሩ አይመርምር፤ ያ የኛ ሥራ አይደለም፣ ቤተሰብም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማስረጃ አምጡ መባል የለበትም። «ታዲያ በራሱ ፈቃድ ትቶ የሄደው፣ ወድቆ የወጣውስ?» የሚል ተቃውሞ ትናንት በኮሚቴው ውስጥ ተነሥቶ ነበር፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የኔ መልስ እነዚያ ጥቂት ስሞች ቢገቡብን ዝርዝሩ አይጎዳም፣ ሌሎቹ ቢቀሩብን ግን ይጎዳል የሚል ነው። ስታትስቲክስም ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ ይላል፤ የትኛው እንደሚከብድ የሚወስነው ሰው ነው።

ከመምህራኑ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የ1960ዎቹ ዓ.ም. የመግቢያ ካርዶች ሬጅስትራር ውስጥ ካርቶን ላይ ተደራርበው እንዳሉ ነግራችሁኛል። ሳይበላሹ ማንበብ የሚችል ሰው ጋር አገናኙን፤ ወጪውን ከዊስኮንሲንና ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለነው ለመሸፈን ተነጋግረናል። አባላት ደግሞ በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አለ። ስሙን ከነአባትና ከነአያቱ፣ የገባበትን ዓመት፣ ፋኩልቲውን ጻፉ። የቀረውን ቦታ ባዶ ተዉት። የሦስቱን የዶርም ጓደኞቼን ስም ዛሬ ጠዋት ጽፌያለሁ፤ አራተኛውን ራሱ መጥቶ እንዲጽፍ ትኬት ልኬለታለሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት።

ከምሳ በፊት ለሁለት ለሦስት ጥያቄ ጊዜ ያለ ይመስለኛል።